የተሸነፈ ይደውላል

እኛ ሦስት ሴቶች ነን። ሞያሌ ላይ አንድ መጋዘን፣ አንድ የሒሳብ መዝገብ እና አንድ የፋንታሲ ቡድን በጋራ አለን። የቡድናችን ስም ‹ሦስት ጉልቻ› ነው። ከመካከላችን አንዷ የአርሰናል ደጋፊ ናት፣ አንዷ ለኳስ ደንታ ባይኖራትም ዕድለኛ ናት፣ አንዷ ደግሞ በንግድ ሥራ ዲፕሎማዋን የያዘች ስለሆነች ቀሪ ሒሳቡን ትሠራለች። ማን ማን እንደሆነ የምታውቁን ታውቁታላችሁ።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከሚጫወቱት ውስጥ 15 ተጫዋቾችን በ100 ሚሊዮን የሐሳብ ፓውንድ ትገዛላችሁ። ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ አይፈቀድም። 11ዱ ይሰለፋሉ፣ አራቱ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንዱን ካፒቴን ታደርጋላችሁ፣ የእሱ ነጥብ በእጥፍ ይያዛል። አጥቂ ሲያገባ 4፣ የመሐል ሜዳ ተጫዋች ሲያገባ 5፣ ተከላካይ ደግሞ ቡድኑ ጎል ሳይገባበት ከወጣ 4 ነጥብ። በሳምንት አንድ ዝውውር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ካማራችሁ በእያንዳንዱ 4 ነጥብ ይቀነሳል። እኛ ‹የመጋዘን ኪራይ› የምንለው ይህንን ነው።

የእኛ ሊግ በአጠቃላይ ነጥብ የሚሰለፍ ሳይሆን አንድ ለአንድ የሚገጥም ነው። በየሳምንቱ አንድ ተጋጣሚ ይደርሳችኋል፣ ካሸነፋችሁ 3፣ አቻ ከወጣችሁ 1። አባላቱ 11 ነን፤ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከሞያሌ በሁለቱም ወገን፣ ከማርሳቢት፣ ከናይሮቢ ኢስሊ። ቁጥራችን ጎዶሎ ስለሆነ ጨዋታው ራሱ ‹አቬሬጅ› የሚባል ቡድን ይጨምርልናል። ሰው የለውም፤ ነጥቡ የዚያ ሳምንት የተጫዋቾች ሁሉ አማካይ ውጤት ነው። በአቬሬጅ መሸነፍ ውርደት ስለሆነ የተሸነፈ በዚያ ሳምንት ሞያሌ ላለነው ምሳ ይጋብዛል። የቀረው ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፦ የተሸነፈ ለአሸናፊው ይደውላል። በድምፅ እንጂ በጽሑፍ አይሆንም። ይህን ሕግ ያወጣው ማን እንደሆነ አሁን ማንም አያስታውስም፤ የወጣውም ለቀልድ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ በሊጉ 33ኛ ሳምንት፣ የደረሱን ተጋጣሚ ሐጂ ነበሩ።

ሐጂ በኬንያው ወገን የእህል ነጋዴ ናቸው። ከእኛ ጋር 11 ዓመት ሠርተዋል። ፋንታሲን ያስተማራቸው ልጃቸው ነው፣ አሁን ግን ልጁን ይበልጡታል። በየዒዱ ቤታቸው እንሄዳለን፤ ዒድ ጾም ላይ ከዋለ ለእኛ ለብቻ ምስርና ሩዝ በዘይት ያሠሩልናል፣ ሥጋው ባለበት ገበታ ላይ ማንኪያው እንኳ እንዳይነካካ ይጠነቀቃሉ። በዚያ ዓመት ግን ዒድ ሚያዝያ 2 ቀን ረቡዕ ሲውል፣ ሁዳዴ ተጋምሶ፣ እኛ አልሄድንም። ‹ዒድ ሙባረክ› ብለን ላክን፤ ‹አሚን› ብለው መለሱ። ያ ብቻ።

ምክንያቱ ጆንያ ነው። የካቲት ላይ 40 ጆንያ ቦሎቄ በኪሎ 95 ሽልንግ ተስማምተን ጫንንላቸው። በእኛ ወገን ጆንያ ሲባል ኩንታል ነው፣ 100 ኪሎ። በእነሱ ወገን የእህል ጆንያ 90 ኪሎ ነው። ሁለታችንም ይህን ልዩነት ከልጅነት ጀምሮ እናውቀዋለን፣ ሁልጊዜም በሚዛን ነበር የምንተሳሰበው። የዚያን ጊዜ ግን ክፍያው የመጣው በ3,600 ኪሎ ተባዝቶ ነበር። የጎደለው 400 ኪሎ ነው፣ 38,000 ሽልንግ። ስንጠይቅ ‹ናይሮቢ ያለው ገዢ በጆንያ ቆጥሮ ነው የከፈለኝ› አሉ። ያ የገዢውና የእሳቸው ጉዳይ ነው፤ የእኛ ሚዛን ወረቀት 4,000 ይላል። ቃል ተካረረ። አንድ ወር ከምናምን ሳንደዋወል ቀረን። በቡድኑ መልእክት መለዋወጫ ላይ ሁለታችንም እንጽፋለን፣ አንዳችን ለሌላችን ግን አንመልስም። ሌሎቹ አይተው ዝም አሉ።

እንግዲህ አስቡት። ከተሸነፍን ገንዘቡን የተበደልነው እኛ ደውለን ‹ሐጂ፣ እንኳን ደስ አለዎት› ልንል ነው። የዚያ ሳምንት ጨዋታ ለእኛ የነጥብ ጉዳይ አልነበረም።

የተጋጣሚን የሳምንቱን ቡድን ማየት የሚቻለው ሰዓቱ ከተዘጋ በኋላ ነው። ያለፈውን ሳምንት ግን ማየት ይቻላል፣ እኛም እንደ ዲክላራሲዮን ቁጭ ብለን አነበብነው። ሳላህ አላቸው፣ እኛም አለን፤ ይካካሳል። ሃላንድ አላቸው፣ አለን። ኮል ፓልመር አላቸው፣ አለን። በአንድ ለአንድ ጨዋታ ሁለታችሁም ያላችሁ ተጫዋች ሃያ ጎል ቢያገባ ለማናችሁም አይጠቅምም፤ ብድርና ተበዳሪ አንድ ሰው እንደመሆኑ ነው። የሚለየን እሳቸው ያላቸው እኛ የሌሉን አይዛክና ዋትኪንስ፣ እኛ ያሉን እሳቸው የሌሏቸው ሁለቱ የአርሰናል ተከላካዮች ሳሊባና ጋብሪኤል ናቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ ካፒቴን።

ማንቸስተር ሲቲ በሜዳው ከሉተን ነበር። ሐጂ ሃላንድን ካፒቴን እንደሚያደርጉ አልተጠራጠርንም፤ ጠንቃቃ ነጋዴ ናቸው፣ የታወቀ ዕቃ ነው የሚጭኑት። እኛም ሃላንድን ብናደርግ ይካካስና ሁሉም ነገር በተከላካዮቻችን ላይ ይወድቃል። ዲፕሎማ ያላት ወረቀት አውጥታ ፓልመር ይሁን አለች፦ ቼልሲ ሰኞ ማታ ከኤቨርተን በሜዳው ይጫወታል፣ ፔናሊቲ የሚመታው እሱ ነው፣ የመሐል ተጫዋች ስለሆነም ጎሉ 5 ነው። የአርሰናሏ ‹ሃላንድን ትቶ ፓልመር? ሉተን ላይ?› ብላ አንድ ሰዓት ሙሉ አኮረፈች። ዕድለኛዋ ‹ልጁ ሲያገባ እንደበረደው ክንዱን ያሻሻል፣ ደስ ይለኛል› አለችና ሁለት ለአንድ ሆነ።

ሰዓቱ የሚዘጋው ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ነበር፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ሊጀመር አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው። እኛ ደግሞ ከዒድ በኋላ በተጠራቀመው ሰልፍ ውስጥ፣ በጋራ የድንበር ኬላው ግቢ፣ የላስቲክ ሳፋና ጀሪካን የጫነ መኪና ይዘን ቆመናል። ኬላው በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሁለት ቦታ መፈተሽ ቀርቷል፣ ይህ እውነት ነው። ሰልፉ ግን ሰልፍ ነው። ኔትወርኩ ሲጠፋ የኬንያውን ሲም አስገብተን፣ 6 ሰዓት ከ50 ላይ ካፒቴኑን ቀየርን። የፊት መስመር ላይ የቆመው ሹፌር ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የተደናገጣችሁት ቢለን ‹ቀረጥ ነው› አልነው።

ቅዳሜ ኒውካስል ቶተንሃምን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ አይዛክ ሁለት አገባ። ለሐጂ። ሲቲ ሉተንን 5 ለ 1 ደቆሰ፣ ሃላንድ ግን ያገባው አንድ፣ እሱንም በፔናሊቲ። በዚያ ሁሉ ጎል ውስጥ አንድ ብቻ ሲያገባ ማየት እንደ ጸሎት መልስ ነበር። በእርግጥ የሐጂ ካፒቴን እሱ ነበር።

እሑድ ሊቨርፑል በሜዳው በክሪስታል ፓላስ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ሳላህ ለሁለታችንም ስለሆነ አልቆጨንም። ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አርሰናል ከአስቶን ቪላ ጀመረ። 80ኛው ደቂቃ ድረስ 0 ለ 0። ሳሊባና ጋብሪኤል አራት አራት ነጥብ ይዘውልን ቆመዋል፣ የአርሰናሏ አርሰናል እንዲያገባ ሳይሆን ሰዓቱ እንዲያልቅ ስትለምን የሰማናት ያን ቀን ብቻ ነው። 84ኛው ላይ ቤይሊ አገባ። ስምንቱ ነጥብ እልም አለ። ሦስት ደቂቃ ሳይቆይ ዋትኪንስ ደገመ፣ እሱ ደግሞ የሐጂ ነው። ሽሮው ቀዘቀዘ። ስንደምረው 22 ነጥብ ይመሩናል፣ ለሁለታችንም የቀረው አንድ ተጫዋች ብቻ ነው፦ ፓልመር። ለእሳቸው በነጠላ፣ ለእኛ በእጥፍ። ስለዚህ ልዩነቱን የሚያጠበው አንድ እጅ ፓልመር ብቻ ነው፤ ከ22 በላይ ማምጣት ነበረበት። ተጫዋች በአንድ ቀን ይህን ያህል የሚያመጣው ስንቴ ነው? ያን ሌሊት ስልክ ላይ ምን እንደምንል መለማመድ ጀመርን። ‹ሐጂ፣ እንደምን ሰነበቱ› የሚለውን ማን እንደምትል ዕጣ ልናወጣ ሁሉ ነበር።

ሰኞ ሚያዝያ 7፣ ምሽት 4 ሰዓት። 13ኛው ደቂቃ ፓልመር። 18ኛው ፓልመር። 29ኛው ፓልመር። የጎረቤት ልጆች ጩኸታችንን ሰምተው ሮጠው መጡ። ነገር ግን ሒሳቡ ሒሳብ ነው፦ ሦስት ጎል 15፣ የተሰለፈበት 2፣ ጎል ሳይገባባቸው ከወጡ 1። አሁንም አይደርስም። ጃክሰን አራተኛውን አገባ፣ ለእኛ ምንም።

ከዕረፍት በኋላ ቼልሲ ፔናሊቲ አገኘ። ያየ ያስታውሰዋል። መምቻው የታወቀ ሆኖ ሳለ ማዱኤኬ ኳሱን ይዞ አልሰጥም አለ፣ ጃክሰንም ለእኔ ብሎ ገባ፣ ተገፋፉ። 4 ለ 0 እየመሩ! የአንድ ቡድን ልጆች! በመጨረሻ አምበሉ ጋላገር ኳሱን ተቀብሎ ለፓልመር ሰጠው። ፓልመር መታ፣ ገባ። ጨዋታው 6 ለ 0 አለቀ፤ ከቦነሱ ጋር ሐጂን በጥቂት ነጥብ አለፍናቸው።

እኛ ግን ያን ያህል አልጨፈርንም። አሁን ደዋዩ እሳቸው ናቸው። ባይደውሉስ? አንድ ወር ዝም ያለ ሰው ለኳስ ብሎ ይደውላል? ካልደወሉ ደግሞ ነገሩ ማኩረፍ መሆኑ ቀርቶ መቆራረጥ መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል።

ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጮኸ። ‹እህቶቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ› አሉ። ከዚያ ስለ ፓልመር አወራን፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጃቸው ትምህርት። ዒድ ላይ ምስሩ ተሠርቶ እንደነበር ነገሩን፤ ሰው መጥቶ ሳይበላው ሲቀር ባለቤታቸው አዝነዋል። ምን እንደምንመልስ ጠፋን። ቆይተው ራሳቸው አነሱት፦ ‹ያ ልጅ ፔናሊቲውን ሊቀማ ሲታገል ሳይ፣ የእኛ ጆንያ ትዝ አለኝ።› ማዱኤኬ ማን እንደሆነ አልጠየቅናቸውም።

ግማሹን ልክፈል አሉ፣ 19,000። 30,000 አልን። 27,000 ላይ ቆምን። ለገዢያቸው እሳቸውም እንደተቃጠሉ ስለምናውቅ 11,000ውን ተውን፤ ከመካከላችን አንዷ እስካሁን መተዋችን አይዋጥላትም፣ እሷም እውነት አላት። 15,000ው ሐሙስ በሹፌር እጅ መጣ፣ 12,000ው በሰኔው ጭነት ላይ ተወራረደ። ከዚያ ወዲህ ከሐጂ ጋር የምንጽፈው ውል ላይ ‹ጆንያ› የሚል ቃል የለም፣ ኪሎ ብቻ። ሚዛኑም ሁለቱም ወገን ባለበት ይነበባል።

በቀጣዩ ሳምንት የደረሰን አቬሬጅ ነበር። ተሸነፍን። ሞያሌ ያለነው ሁሉ ተሰብስበን የጾም በያይነቱ አስቀረብን፣ ሐጂም ከወዲያ ተሻግረው መጡ፣ የምስሩን ወጥም ሁለቴ አስጨመሩ።