ቲክሾረት ለምትማር ልጅ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?



በናሐል ቤቃም ሆነ በሌላው የቤርሼባ ሰፈር ለሥራ ቤታችሁ ስንመጣ መጀመሪያ የምናወራው ስለ ቢቱአሕ ሌኡሚ ደብዳቤ ነው። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። «ልጄ አንደኛውን ዲግሪ ጨርሳ አሁን ደግሞ ሁለተኛ ልማር ትላለች። ያውም ቲክሾረት! ቴሌቪዥን ለማየት ሁለት ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ?»

አብረን እንስቃለን። ከሳቁ ኋላ ያለው ግን የገንዘብ ጭንቀት ነው። ማሽካንታው አለ፣ ታናናሾቹ አሉ፣ ልጅቱ ሥራ ይዛ ቤቱን ታግዛለች ተብሎ ሲጠበቅ ቆይቷል። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን በልጅነታችን የመጣነው የመንግሥት ደብዳቤ ለወላጆቻችን እያስተረጎምን ስላደግን ይህ አይጠፋንም።

ትምህርቱስ ቀልድ አይደለም። የለገስነው ደም እንደሚጣል አገር ያወቀው በ1996 ጋዜጣ ሲያወጣው ነው። በ2015 ወታደር ልጃችን በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳየው ቪዲዮ ባይወጣ ኖሮ ማን ያምነን ነበር? ዜናው በሚጻፍበት ክፍል ውስጥ የእኛ ልጅ መኖሯ ዋጋ አለው።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ቤንጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ፣ ያው ሶሮካ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ከጎኑ የምታዩት ግቢ፣ የቲክሾረት ክፍል አለው። ልጃችሁን አስቀድማችሁ «ከቴዛ ጋር ነው ያለ ቴዛ?» በሏት። ቴዛ ማለት ራሷ መርምራ የምትጽፈው ትልቅ ጽሑፍ ነው። ብዙ ወላጅ «ቶሎ የሚያልቀውን ያዢ» ይላል። ቶሎ የሚያልቀው ያለ ቴዛ ያለው ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከራስ ኪስ ይከፈላል። ከቴዛ ጋር ለሚማሩት የሚልጋው በር ይሰፋል፣ በመምህር ረዳትነት ተቀጥረው የሚከፈላቸውም አሉ። የዩኒቨርሲቲዎችን በጀት የሚያከፋፍለው ቫታት ለማህበረሰባችን ልጆች ብቻ የመደበው ሚልጋ አለው፤ እሱም ለምርምር ማስተርስና ለዶክትሬት ነው። ለዚህ እጩዎችን የሚያቀርበው ዩኒቨርሲቲው ስለሆነ ልጅቱ ከመምህሮቿ ጋር ቀድማ ትነጋገር። ሚንሃል ሀስቱደንቲምም ይጠየቅ፤ የት እንደተወለደችና መቼ እንደመጣችሁ እያየ ነው የሚወስነው። ከ1977 ጀምሮ ከዳር አካባቢ የሚመጡ ተማሪዎችን የሚረዳው አይሴፍም አለ፣ እስከ ዶክትሬት ድረስ።

እውነቱን እንናገር፣ ሚልጋ ደሞዝ አይደለም። ፔንሲያ የለውም፣ የምርምሩ ሚልጋ ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራም ይገድባል። ሁለት ዓመት ያህል ቤት የምታስገባው ገንዘብ ሥራ ከያዘችው ጓደኛዋ ያንሳል። ይህን ከመመዝገቧ በፊት ቁጭ ብሎ መነጋገር ይሻላል፤ በኋላ ኩርፊያ ይሆናል። ደግሞ ሚልጋና ሀልቫአን አታምታቱ። ሚልጋ ደንቡን ከጠበቀች አይመለስም፣ ሀልቫአ ግን ይመለሳል፣ እናንተም ዋስ ሆናችሁ ከፈረማችሁ ወደ እናንተ ይመጣል። ወረቀቱ ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ።

አንድ የሚያስቸግረን ነገር አለ። የቤተሰብን አቅም አይተው የሚሰጡት ሚልጋዎች የወላጅን ትሉሽ ይጠይቃሉ። አንዳንድ አባቶች ትሉሹን ለልጅ ማሳየት ይከብዳቸዋል፤ ሠላሳ ዓመት በጽዳት ወይም በፋብሪካ ሠርተው ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ያፍራሉ። እኛ ግን በዚያ ትንሽ ቁጥር ስንት ልጅ እንደተማረ በየቤቱ አይተናል። ያ ወረቀት ከጎደለ ማመልከቻው ጎዶሎ ነው፣ ጎዶሎውን ደግሞ አያዩትም።

ትምህርት የሚጀመረው ከሱኮት በኋላ ነው። ሲግድ ላይ አግኝተውን «ሚልጋ አለ ወይ?» የሚሉን ብዙ ናቸው፣ ያኔ ግን ለዚያ ዓመት ብዙው ተዘግቷል። ከፔሳሕ ጀምራችሁ ጠይቁ። ትሉሹን ግን አሁኑኑ ከመሳቢያው አውጡላት።