ባግዳድ የማን ነበረች?

እስቲ ዛሬ ስለ ባግዳድ እንጫወት። ኢራቅ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ጦርነቱና የሳዳም ሁሴን ሐውልት አወዳደቅ ነው። ሕዝቡን ሁሉ አረብ፣ አረቡን ሁሉ ሙስሊም አድርገን እናልፈዋለን። ግን እኮ ያን ጊዜ የሳዳም አንደበት ሆኖ ዓለም ፊት ይከራከር የነበረው ጣሪቅ አዚዝ ክርስቲያን ነበር፤ የከለዳውያን ቤተ ክርስቲያን ልጅ። ኢየሩሳሌምን ከመስቀል ጦረኞች ያስለቀቀው፣ አረቦች እስከ ዛሬ የሚኮሩበት ሳላሃዲንም ኩርድ ነው። የተወለደውም እዚያው ኢራቅ፣ ቲክሪት ላይ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የሙዚቃው ነገር ነው። በ1932 ዓ.ም. (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) ካይሮ ላይ ትልቅ የአረብ ሙዚቃ ጉባኤ ተካሄደ። ኢራቅም ዝነኛውን ድምፃዊ መሐመድ አል ቁባንጂን ከነአጃቢዎቹ ላከች። ድምፃዊው ሙስሊም ነው። ዑድ፣ ቃኑንና ሳንቱር የሚባሉትን የክር መሣሪያዎች ይዘው ከኋላው የተቀመጡት ግን አይሁዶች ነበሩ። ለባግዳድ ሰው ይሄ ብርቅ አልነበረም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከከተማዋ ነዋሪ ቢያንስ ሩቡ አይሁድ ነበር፤ ከባቢሎን ምርኮ ጀምሮ እዚያው የኖረ፣ ቤቱ በአረብኛ የሚያወራ፣ ገበያውንም ሙዚቃውንም የያዘ ሕዝብ።

ይህ አብሮነት ግን አልዘለቀም። በጁን 1941 ባግዳድ ውስጥ በሁለት ቀን ግርግር ከመቶ በላይ አይሁዶች ተገደሉ፣ ቤትና ሱቃቸው ተዘረፈ። እስራኤል ከተመሠረተች በኋላ ደግሞ ኑሮው ጨርሶ ጠበባቸው። በ1950 እና በ1951 አንድ መቶ ሃያ ሺህ ያህሉ ዜግነታቸውን ተነጥቀው በአውሮፕላን ወጡ፤ ንብረታቸውም ታገደ። ከወጡት መካከል የኢራቅን ሬዲዮ በዜማ ያንበሸበሹት ሳሌህና ዳውድ አል ኩዌቲ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። ዘፈኖቻቸው ከዚያም በኋላ ይደመጡ ነበር፤ የደራሲዎቹ ስም ግን እንዳይነሳ ተደረገ። ሰውን አባርሮ ዜማውን ማስቀረት! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ስማቸውን እንኳ ብዙዎቻችን ያልሰማናቸው ደግሞ አሉ፤ ማንዳውያን። ጎረቤቶቻቸው ሳቢያን ይሏቸዋል። መጥምቁ ዮሐንስን ታላቅ ነቢያቸው አድርገው ያከብራሉ፣ ሆኖም ክርስቲያንም አይሁድም ሙስሊምም አይደሉም። ሰው በሕይወት ዘመኑ ደጋግሞ ይጠመቃል፤ ውሃው የግድ የሚፈስ መሆን አለበት። ነጭ ለብሰው ጤግሮስ ዳር ይወርዳሉ። ጢሙን ያሳደገ፣ እሱም ነጭ የለበሰ ካህን ወንዙ ውስጥ ቆሞ ሦስት ጊዜ ያጠልቃቸዋል፣ በመዳፉ ከዚያው ውሃ ያጠጣቸዋል፣ ራሳቸው ላይም የአደስ አክሊል ያደርግላቸዋል። አዎ፣ እናቶቻችን ለቅቤ የሚጠቀሙበት አደስ!

በብርና በወርቅ አንጥረኝነት የታወቁ ናቸው። ሳዳም ከወደቀበት ከ2003 በኋላ ሕግ ሲጠፋ ያ ሙያቸው ጠላት ሆነባቸው፤ ወርቅ አላቸው እየተባለ ይታገቱና ይዘረፉ ጀመር። እምነታቸው ደም ማፍሰስን አጥብቆ ይከለክላል፤ ስለዚህ በመሣሪያ ከመመለስ ይልቅ አብዛኞቹ አገር ጥለው ወጡ። ዛሬ ሲድኒ አጠገብ ኔፒያን በሚባል ወንዝ የሚጠመቁ አሉ። ከውጭ ሰው ወደ እምነታቸው አይገባም፤ ማንዳዊ የሚሆነው ከማንዳዊ የተወለደ ብቻ ነው። ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነው ከሌላው ጋር ሲጋቡ ቁጥራቸው ምን እንደሚሆን አስቡት።

በ2014 በሲንጃር የዚዲ በሚባለው ጥንታዊ እምነት ተከታዮች ላይ፣ በሞሱል ደግሞ በክርስቲያኖች ላይ የወረደውን የግድያና የስደት መዓት በዜና ስለሰማችሁት አልደግመውም።

አንዳንድ ሰው ታዲያ «ኢራቅን ያመሳት የሕዝቧ ዓይነት መብዛቱ ነው» ይላል። እኔ ይህን ከቶ አልቀበልም። እነዚህ ሕዝቦች ብዙ መንግሥታት ሲወድቁና ሲነሱ አይተው፣ መከራውንም ችለው በአንድ ወንዝ ዳር ከሺህ ዓመታት በላይ ኖረዋል። ያሰደዳቸው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የተሠራ ፖለቲካ ነው።

ስዊድንና አውስትራሊያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ብዙዎቹ ማንዳውያን ዛሬ እናንተው ዘንድ ናቸው። አንድ ጎረቤት «ከኢራቅ ነኝ» ሲላችሁ ዘሩንና ሃይማኖቱን አትገምቱለት፤ አረፍ በሉና ራሱን ጠይቁት።