የእናቴ ቅቤ

በ1992 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ፣ ከድሬዳዋ በባቡር ተሳፍሬ ጅቡቲ ከተማ ስገባ፣ ከጓዜ መካከል እናቴ በጣሳ ያሰናዳችልኝ ለጋ ቅቤ ነበረበት። በአገሬ ብርድ ያ ቅቤ ከምድጃ ዳር ካልሞቀ አይላላም።

ሥራ ያገኘሁት ከሐሙዲ መስጊድ አጠገብ በተንሰራፋው ማዕከላዊ ገበያ፣ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነበር። ባለሱቁ «ጠጉርሽን ወደ ኋላ ለጥጠሽ አበጥረሽ ነይ» ብሎ አዘዘኝ። እኔም ሹሩባዬን ፈትቼ፣ ቅቤውን ያለ ስስት ተቀብቼ ቀረብሁ። ወሩ ሐምሌ ነበር። ቅቤ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል፤ የጅቡቲ ሐምሌ ደግሞ ከ40 ያልፋል። ገና ከቀትር በፊት ቅቤው በግንባሬ ወርዶ፣ ለደንበኛ በዘረጋሁት ነጭ ሐር ላይ ተንጠባጠበ። የሐሩ ዋጋ ከደመወዜ ተቆረጠ፤ «ዳግመኛ ቅቤ ሸትተሽ እንዳትመጪ» የሚል ማስጠንቀቂያም ተጨመረበት።

በዕድሜ የገፉ አንዲት የሐረር ሴት ጐረቤቴ ነበሩ፤ አዘኑልኝና ማታ ማታ ያስተምሩኝ ጀመር። በመጀመሪያ ጠጉሩ በውኃ ይርሳል፤ ጥርሱ በሰፋ ሚዶ ከጫፉ ተጀምሮ ይፈታል። ቀጥሎ ጥቂት ቫዝሊን በሁለት መዳፍ ታሽቶ ከግንባር እስከ ማጅራት ይዳበሳል። (ቫዝሊን ከነዳጅ ዘይት ስለሚገኝ እንደ ቅቤ አይከረፋም፤ ከበዛ ግን አቧራ ይሰበስባል።) በብሩሽ ከተለጠጠ በኋላ ማጅራት ላይ ይታሰርና እስኪደርቅ በሻሽ ይጠመጠማል። «ቅንድብሽ እስኪወጠር አትሰሪው፤ የግንባርሽ ዳር ይመለጣል» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ዘወትር የሚወጠር ጠጉር ከሥሩ ይሳሳል።

ጠጉሬ አማረ፤ ሥራዬም ጸና። የእናቴ ቅቤ ግን በመንገደኛ እጅ መምጣቱን አላቋረጠም። «ጠጉርሽ እንዴት ነው?» እያለች ደብዳቤ ታስጽፍልኛለች፤ እኔም ወጥ እየሠራሁበት «ተቀብቼዋለሁ» ብዬ እመልሳለሁ። አንድ ቀን ከገጠር የመጣ የአፋር ጎልማሳ፣ ጠጉሩን በቅቤ አርሶ ጠቅልሎ፣ ራሱን ቀና አድርጎ በሱቃችን ደጅ ሲያልፍ አየሁ። አፍንጫውን የያዘ ሰው አልነበረም። የማፍረው እኔ ብቻ ኖሬአለሁ?

በሦስተኛው ዓመት ለዕረፍት አገሬ ገባሁ። እናቴ ሻሼን ገልጣ ጠጉሬን ዳሰሰችው፤ ጣቶቿንም አሸተተች። እኔ የማስተባብልበትን ቃል ስፈልግ፣ እርሷ ምንም ሳትናገር ተነሥታ የቅቤውን ጣሳ ከምድጃው ዳር አስጠጋችው።