አንዲት ጥቁር ነጥብ

ከኪስ ገንዘባችን አዋጥተን የገዛናት ላፕቶፕ ስክሪኗ መሀል ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለባት። ብንወለውላት አትለቅም። ባለ ሱቁም «አንድ ነጥብ ከጉድለት አይቆጠርም» ብሎ መለሰን።

ለካስ ነገሩ ስሌት አለው! 1366 በ768 የሆነው ስክሪናችን 1,049,088 ፒክስል ይዟል፤ እያንዳንዱ ፒክስል ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ በሦስት ይከፈላል። ይህን ሁሉ ያለ አንዳች እንከን መሥራት ከባድ ነው። ስለዚህም በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 13406-2 የተባለው መመዘኛ ስክሪኖችን በአራት ደረጃ መደበ። አንደኛው ደረጃ ምንም እንከን አይፈቅድም። ሁለተኛው ግን በአንድ ሚሊዮን ፒክስል ውስጥ ሁልጊዜ የሚበሩ ሁለት፣ ሁልጊዜ የጠቆሩ ሁለት ቢገኙ ያልፋል። መመዘኛው በ2008 እ.ኤ.አ. በሌላ ተተክቷል።

እንግዲህ እኛን የከፋን ነጥቧ አይደለችም። እንዲህ ያለ ልክ መኖሩ ገንዘባችንን ከመክፈላችን በፊት አለመነገሩ ነው እንጂ!

ጓደኞቻችን፣ ነገ እኛም ቀይ እስክሪብቶ ይዘን የተማሪ ደብተር ማረማችን አይቀርም። የትኛው ስሕተት እንደሚታለፍ፣ የትኛው ማርክ እንደሚያስቀንስ ተማሪው ከፈተናው በፊት ይወቀው እንላለን።