ያገለገለ ዕቃ መንገድ

አንባብያን እንደሚያውቁት፣ በአዲስ አበባ መንደሮች ሁለት ዓይነት ጥሪ ይሰማል። «ልዋጭ!» የሚለው ያረጀ ልብስና ጫማ ተቀብሎ በምትኩ ሳህን ወይም ብርጭቆ ይሰጣል፤ «ቁራሌው!» የሚለው ግን ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ብረታ ብረት በገንዘብ ይገዛል። የቤት እመቤት ከደጃፏ ያስረከበችው ዕቃ ወዴት እንደሚሄድ አታስበውም ይሆናል። እኛ መንገዱን ተከትለን ወደ መርካቶ ወረድን።

ገበያው ቀድሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም ነበር፤ ወደ ዛሬው ስፍራ የተዛወረው በጣልያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ስሙም በጣልያንኛ «ገበያ» ማለት ነውና፣ «መርካቶ ገበያ» የምንል ሁሉ «ገበያ ገበያ» እያልን ነው።

ደብረ ራጉኤልን ተሳልመን ምናለሽ ተራ ስንደርስ የመዶሻ ድምፅ ተቀበለን። በዚህ ተራ ፈጽሞ የተጣለ ነገር የለም። የዘይት በርሜል ተቀድዶ ምድጃ ይሆናል፤ ጣሳው ኩራዝ፣ የመኪናው ጎማ ገመድና በረባሶ ይሆናል። ብሎን እንኳ በክምር ይሸጣል።

አሮጌ ዕቃ የመግዛት ደስታ በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። አዲስ ዕቃ ጉድለቱን ደብቆ ይሸጣል፤ አሮጌው ግን የሚላላው ላልቶ፣ የሚሰነጠቀው ተሰንጥቆ ስለ ቆየ ጠባዩ የታወቀ ነው። ድስት ከሆነ ውሃ ሞልቶ ማየት ይበቃል፤ ኮት ከሆነ ገልብጦ ብብቱንና ክርኑን መመርመር ነው። በጥቂት ደመወዝ ልጆችን ለሚያስተምር ቤተ ሰብ ይህ ምርመራ ዕውቀት እንጂ ውርደት አይደለም።

ሆኖም ዋጋው ከመጠን በላይ ሲረክስ የቀድሞውን ባለቤት መጠየቅ ይገባል። በተለይ ንዋያተ ቅድሳት ከሌባ እጅ ወደ ሰብሳቢ ሲያልፉ ታይተዋል። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል በአንድ የቤልጅግ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል፤ ገዢውም ገንዘብ ከፍሎበት ነበር። እኛም የብራና መጽሐፍ ወይም ጽናጽል «ግዙ» ስንባል፣ ከዋጋው በፊት የየትኛው ደብር እንደ ነበረ እንጠይቃለን። ሻጩ ይቆጣል፤ ይቆጣ።

ምድጃውን ግን ከሠሪው እጅ፣ ገና ትኩስ እንደ ሆነ ገዛነው። በጎኑ ላይ የበርሜሉ የቀድሞ ጽሑፍ እኩሌታው ይነበባል።