ከጥያቄ ምልክቶቹ በኋላ፦ ለኮድና ለማስታወሻ የሚሆን ቀላል ኤዲተር ስለ መምረጥ

አጥኚዋ ለማስተርስ ዲግሪ ማሟያ ጥናቷ በሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ዘንድ የሚነገሩ የእርሻ ቃላትን ትሰበስብ ነበር። ቃላቱን ከነማብራሪያቸው በግል ላፕቶፗ ትጽፋለች፤ ከዚያም ፋይሉን በፍላሽ ይዛ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ሥራዋን ትቀጥላለች። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ መብራት መቆራረጥ ሲጀምር፣ በቤተ ሙከራው ኮምፒዩተር ላይ የከፈተችውን ፋይል በችኮላ አስቀምጣ ወጣች። በስክሪኑ ላይ ብቅ ያለውን ማስጠንቀቂያ አላነበበችውም። በማግስቱ ፋይሉን ስትከፍት ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ አገኘችው።

መጀመሪያ የፎንት ችግር መሰላት። የፎንት ችግር ቢሆን ኖሮ ፊደሉ በስክሪን ላይ ባይታይም መረጃው በፋይሉ ውስጥ ይኖር ነበር። የደረሰው ጉዳት ግን ከዚህ የከፋ ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ወደ ዩኒኮድ የገባ ሲሆን፣ በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ፋይሏ የተቀመጠው ግን ለአንድ ፊደል 1 ባይት ብቻ በሚሰጥና ለላቲን ፊደላት በተዘጋጀ አሮጌ ኢንኮዲንግ ነበር። ፕሮግራሙ ቦታ ያጣለትን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተካው። «ሞፈር»ም «ድግር»ም ሦስት ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆኑ፤ አንዱን ከሌላው የሚለይ ምንም አልቀረም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ኤዲተር መምረጥ ለእርሷ የጣዕም ጉዳይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መመዘኛዎቿን በወረቀት አሰፈረች። የግል ላፕቶፗ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ሊኑክስ ነው፤ የቤተ ሙከራው ኮምፒዩተር ዊንዶውስ፣ የአማካሪዋ ደግሞ ማክ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው ኤዲተር በሦስቱም ላይ መሥራት፣ ለአሮጌው ላፕቶፕ መቅለል፣ ቃላቱን የሚቆጥሩትን አጫጭር የፓይተን ኮዶች እና የአማርኛ ማስታወሻዎቿን በአንድነት መያዝ አለበት። ከሁሉ በላይ ፋይሉ በምን ኢንኮዲንግ እንዳለ ሳይጠየቅ ማሳየት ይኖርበታል።

የክፍል ጓደኞቿ ብዙ ምክር ሰጧት። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ፈጣንና ቀላል ቢሆንም የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በሦስቱም ላይ ይሠራል፤ ሆኖም የተገነባው የድረ ገጽ ማሰሻ ሞተር በውስጡ በያዘው ኤሌክትሮን ላይ በመሆኑ፣ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ሲከፈት አሮጌውን ላፕቶፕ ያንፏቅቀው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያለው ቪም እጅግ ቀላል ነው። ትእዛዞቹ ግን የላቲን ፊደላት ናቸው። የአማርኛው ኪቦርድ በርቶ ሳለ ወደ ትእዛዝ ስትመለስ፣ ፕሮግራሙ የሚደርሰው «ጅ» ወይም «ክ» ነውና አይታዘዝም። በአማርኛና በኮድ መካከል በየደቂቃው ለሚመላለስ ሰው ይህ አድካሚ ነው።

አማካሪዋ ዝርዝሩን አይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመሩ፦ «ኤዲተሩ ነገ ቢጠፋ ምን ይቀርሻል?» ጥያቄው ከንቱ ስጋት አልነበረም። ብዙ ተጠቃሚ የነበረው አተም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በባለቤቱ በጊትሃብ ውሳኔ ተቋርጧል። የተጠቃሚዎቹ ፋይሎች ግን ተራ ጽሑፍ ስለነበሩ በማንኛውም ሌላ ኤዲተር ይከፈታሉ። አጥኚዋም ማስታወሻዎቿን በአንድ ፕሮግራም ብቻ በሚነበብ ቅርጽ ላለማስቀመጥ ወሰነች።

በመጨረሻ የመረጠችው እ.ኤ.አ. በ2005 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣውን ጂኒን ነው። በሦስቱም ሥርዓቶች ላይ ይሠራል፤ በነጻ ይገኛል፤ የፋይሉን ኢንኮዲንግና የመስመር ማብቂያ ዓይነት ከታች ባለው መስመር ላይ ያሳያል። በሬጉላር ኤክስፕሬሽን መፈለግ መቻሉም ለአማርኛ ትልቅ ጥቅም አለው። [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ ብላ ስትፈልግ፣ ተናጋሪዎቹ አንድ አድርገው የሚጠሩትን፣ ጸሐፊዎች ግን በ12 መልክ ሊጽፉት የሚችሉትን «ፀሐይ» በአንድ ጊዜ ታገኛለች። ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም፤ ኮድን በማሟላትና ስሕተትን በመጠቆም ከትልልቆቹ ኤዲተሮች ጋር አይወዳደርም። ለአጫጭር ኮዶቿ ግን በቂ ሆኖ አገኘችው።

ምርጫው ብቻውን እንደማይጠብቃትም ተረድታለች። አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ስትቀመጥ አስቀድማ አንድ የአማርኛ መስመር ትጽፋለች፤ አስቀምጣ ትዘጋለች፤ በሌላ ማሽን ከፍታ ታመሳክራለች። ዋናው ፋይል የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው።

የጠፉትን ማብራሪያዎች ለመተካት ወደ መንደሩ ተመልሳ ሄደች። ስለ ድግር በሰፊው የነገሯት ሽማግሌ ሳይሰለቹ ደግመው አስረዷት። ትርጉሙ ተመለሰ። የመጀመሪያው ቀን አነጋገራቸው ግን ሌላ ነበር፤ በእርሷ ማስታወሻ ውስጥ ብቻ የነበረው ያ አነጋገር ዛሬም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ተቀምጧል። ያን ፋይል አልደመሰሰችውም።