ከአሻንጉሊቴ ሆድ የወጣው ካኪ

በልጅነታችን አሻንጉሊት ከሱቅ የተገዛልን ጥቂቶች ነን ብል የምሳሳት አይመስለኝም። የብዙዎቻችን አሻንጉሊት ጨርቅ የተጠቀለለበት የበቆሎ ቆረቆንዳ ነበር።

የእኔዋን የሠራችልኝ እናቴ ናት። ጊዜው 1970 ዓ.ም. ሲሆን የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ወደ ኦጋዴን ዘምቶ የቀረው በዚያው ዓመት ነው። የአሻንጉሊቷ ልብስ ባረጀ ቁጥር አሮጌውን ሳላወልቅ አዲሱን ከላይ ስለምጠቀልልባት፣ በአራት ዓመት ውስጥ እንደ እርጉዝ ወፈረች። የሰፈር ልጆች «ባልቴቷ» ይሏት ነበር።

እናቴ ካረፈች በኋላ ሳጥኗ ውስጥ አገኘኋትና ወደ ቤቴ ወሰድኳት። ባለፈው ክረምት የዘጠኝ ዓመቷ የልጄ ልጅ እኔ ዘንድ ስትሰነብት፣ ጨርቆቿን ፈትተን በካርቶን ላይ እየደራረብን ሥዕል እንሥራባት አለችኝ። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንጂ ሠዓሊ አይደለሁም። ነገር ግን ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ክርና ቁልፍ፣ የተጣለ ሽቦና የኮምፒዩተር ዕቃ ሳይቀር እየደራረበ የሚሠራውን ስለማውቅ፣ ከቡትቶ ሥዕል ይወጣል ወይ ብዬ አልተከራከርኳትም።

በመጀመሪያ በሌላ ቁርጥራጭ ተለማመድን። የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጠን፣ እሳት ላይ እያማሰልን ሙጫ ሠራን። የመጀመሪያው ካርቶን ሲደርቅ እንደ ድርቆሽ ተቆለመመ። ለካስ አንዱ ወገን ብቻ ከተለጠፈበት ሙጫው ሲደርቅ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ በጀርባውም ጋዜጣ ስንለጥፍበት ቀጥ አለ። ሁለተኛው ሻገተ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የታችኛው ሳይደርቅ በላዩ ደረብኩበት። በክረምት ለአንድ ድርብ ሁለት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሙጫውም ስስ መሆን አለበት።

ከዚያ በኋላ አሻንጉሊቷን መፍታት ጀመርን። ከላይ የእህቴ የቴትረን ቀሚስ፣ ቀጥሎ የትራስ ልብስ የነበረ አቡጀዲ፣ ከዚያም የእናቴ ነጠላ ጥለት ወጣ። ከሁሉ በታች፣ ቆረቆንዳው ላይ በነጭ ክር ተሰፍቶ፣ የካኪ ሸሚዝ እጅጌ ጫፍ ከነቁልፉ አገኘሁ።

የወንድሜ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ነው። አባታችን ሸሚዙ የት እንደ ደረሰ ሲጠይቃት እናቴ «ለነዳይ ሰጠሁት» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔም አራት ዓመት ሙሉ አቅፌው ተኝቻለሁ።

ልጅቷ ይህን አላወቀችም። ካኪውን ቀለሙ አያምርም ብላ ከታች አድርጋ በጥለቱ ልትሸፍነው ፈለገች። እንደ ሥዕል ከታየ እውነቷን ነው። እኔ ግን እንደገና እንዲሸፈን አልፈለግሁም። በመጨረሻ አቡጀዲውንና ቴትረኑን ደራርበን ለጥፈን፣ ጥለቱን ዙሪያውን አድርገን፣ መካከሉን እንደ መስኮት ቆርጠን ካኪው በዚያ በኩል እንዲታይ ተስማማን። ሙጫም አላስነካሁትም፤ አንድ ቀን የሚያነሣው ቢኖር እንዳይቀደድ በክር ብቻ፣ ሰፋ ሰፋ አድርጌ ያዝኩት።

«እማማ፣ የማን ልብስ ነው?» አለችኝ መርፌውን ስታቀብለኝ።

«የወንድሜ።»

«ወንድም አለሽ እንዴ?»

ስሙን ነገርኳት። እጅጌውን ሁልጊዜ እስከ ክርኑ ይጠቀልል እንደ ነበረ፣ እናቴም በዚህ ትቆጣው እንደ ነበረ ነገርኳት። ያን ቀን ሥራው አልተጨረሰም።

አሁን ሥዕሉ መኝታ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቆረቆንዳው ተርፎናል። ልጅቷ ሌላ አሻንጉሊት ሥሪልኝ ስላለችኝ ከታች የሚሆን ጨርቅ እየፈለግን ነው፤ እርሷ የእኔን የድሮ የሥራ ጋውን መርጣለች።